እልልታ የከለከልኩበት ክርስትና

ይኼን ለእናንተ ብቻ ነው የምነግራችሁ... ባለፈው እሁድ ሕፃኑን ልጄን ክርስትና አስነስተን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ከእንግዶቼ ቀድሜ ደጃፌ ላይ ቆሜ «በእናታችሁ፣ እልል እንዳትሉ!» ብዬ ለመንኩ።

ደባርቅ ላይ እንዲህ ያለ ጉድ ተሰምቶ አያውቅም። አንዷ ጎረቤቴማ ጠጋ ብላ «ሰው ሞቶባችሁ ደብቃችሁን ነው እንዴ?» አለችኝ።

ምክንያቴ የስድስት ዓመቷ ሶስና ናት፣ የሕፃኑ እህት። ጆሮዋ ደህና ነው። ጎንደር ያሳየናት ሐኪም እንዳስረዳን ግን ድምፁም፣ ንክኪውም፣ ሽታውም ለእኛ በልኩ የሚመጣው ሁሉ እሷ ላይ እንደ ዶፍ ይወርድባታል። ሹራብ ሲነካት እንደ ሳማ ይለበልባታል... በዚህ ብርድ!

እልልታ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። የአክስቷ ሠርግ ላይ ሴቶቹ ሲያቀልጡት ፈትልካ ወጥታ፣ ከአዲ አርቃይ የሚመጣ አይሱዙ ፊት ነው ያገኘናት። ሹፌሩ ፍሬን ባይዝላት... ተዉት።

ከዚያ ወዲህ ድግስ ስንጠራ አንዳችን ከእሷ ጋር ቤት እንቀራለን። ከገዛ ወንድሟ ክርስትና ግን የት ላስቀራት?

ልመናዬን ከጃናሞራ የመጡት የባለቤቴ አክስት፣ እትዬ ጥሩወርቅ ሰሙ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ተቀየሙኝ ብዬ ደነገጥኩ።

«አንች፣ ታዲያ ይኼ ልጅ እልል ሳይባልለት ሊቀር ነው?»

«እትዬ፣ ልጅቷ እንደዚያን ቀን ሮጣ እንዳትወጣብኝ ፈርቼ እኮ ነው።»

«ልጅቱም አትሮጥም፣ እልልታውም አይቀርም። እኛ እንራቅላት!»

ከዚያማ ምን ልበላችሁ... ቀሚሳቸውን ያሳመሩትን ሴቶች ሁሉ እንደ በግ መንጋ ነድተው፣ ከቤታችን ጓሮ ባለው የገብስ ማሳ ዳር እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ወሰዷቸው።

እኔ ሶስናን በጋቢ ጥብቅ አድርጌ ጠቅልዬ በረንዳው ላይ አቀፍኳት። ሹራብ ቢለበልባትም፣ እንዲህ ጥብቅ ተደርጋ ስትያዝ ግን ትረጋጋለች።

«አሁን ሊሉ ነው» አልኳት። ጆሮዋን ያዘች።

እልልታው ከማዶ መጣ... ነፋሱ አለስልሶት። ሶስና አልሮጠችም። አንድ እጇን ከጆሮዋ አነሳች። መልሳ ያዘች። ደግሞ አነሳች።

«እማ፣ እኔም ልበል?»

መልስ እንኳ አልጠበቀችም። ቀጭን፣ ስብርብር ያለ፣ ምላሷ እየተደናቀፈ... እልልልል!

ማዶ እትዬ ጥሩወርቅ ሴቶቹን ሁሉ ዝም አሰኙ። ልጅቷ ስትጨርስ ተቀበሏት። ደገመች፤ ደገሙላት።

ወጡ አረረብኝ። የድግስ ወጥ አርሮብኝ እንዲህ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሴቶቹ ሲመለሱም ሊስሟት አልተንጋጉም። እንደ ትልቅ ሰው ከሩቅ እጅ እየነሷት ገቡ። እትዬን እድሜ ይስጥልኝ... እኔ ለልጄ ስል ሰው ስለማመጥ የኖርኩትን እሳቸው በአንዲት ቃል አስጨረሱልኝ።

አሁን ችግሬ ሌላ ነው። ሶስና ከእንቅልፏ ስትነሳ እልል፣ ሻይ ሲቀርብ እልል፣ ወንድሟ ሲያስነጥስ እልል... ጆሮዬን ይዤ የምዞረው እኔ ሆኛለሁ።

ለጥምቀት እትዬ ሊመጡ ቃል ገብተዋል፤ ከታቦቱ ራቅ ብለን ቆመን እንሞክረዋለን። ብትሸሽም፣ ከሴቶቹ ብትቀላቀልም... አንዲት ነገር ሳልደብቅ አወራችኋለሁ፤ እስከዚያው ጆሮዬ ከተረፈልኝ።