የኦትማር ጓንት

ኦትማር ሊንድሆፍን «አንተ» እያልን ነበር የምንጠራው፤ መምህራችን ቢሆንም። የጀርመኗ ኤርፉርት ከተማ ዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው። ከጦርነቱ አንድ ጆሮው ደንቁሮ ተመለሰና በቱሪንገን ጫካ ውስጥ አለንጋ የሌለበት አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ። ቅዳሜ ቅዳሜ ክስ ሰምተን በድምፅ የምንፈርድበት ጉባኤ እንቀመጣለን፤ የሰባት ዓመት ልጅም ሆነ ኦትማር ድምፁ አንድ ነው። የመንደሩ ሰዎች ለይቶለታል ይሉ ነበር። እኔም አንዳንዴ ሳይለይለት አልቀረም እል ነበር።

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ቴአትር ነው። በአንዱ ዓመት፣ ሦስት ክረምት ደክሞበት ስለ አንዲት የወፍጮ ቤት ባልቴት የጻፈውን ተውኔት ልናሳይ ተነሳን። ባልቴቷን የምጫወተው እኔ ነኝ። ልምምድ ላይ የመጨረሻው ንግግር ደጋግሞ ሲጠፋኝ ኦትማር ወንበር በእርግጫ ጥሎ ደደብ አለኝ።

ቅዳሜ ከሰስኩት። ጉባኤው ትርዒቱ እስኪያልቅ አዳራሹን እንዳይረግጥ፣ በትርዒቱም አንድ ቃል እንዳይተነፍስ ፈረደበት። ፍርዱን ደግፎ መጨረሻ ላይ የወጣው እጅ የራሱ ነበር። ያን ያህል ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

ወጥ ቤት ተከትዬው ገባሁ። ድንች የሚልጡት ወጥ ሠሪያችን ወይዘሮ ክሮገር ቀድመውኝ በወሬ ይዘውታል።

«ዱላውን አንተው አቀብለሃቸው አሁን ማንን ልትወቅስ ነው?»

«ማንንም» አለና ሾርባውን መጠጣቱን ቀጠለ።

«ኦትማር፣ ክሱን ላንሳልህ» አልኩት።

«ተይው ኢርሜላ። ለእኔ ሲሆን ከታጠፈ ምኑን ሕግ ሆነ?»

ትርዒቱ እሁድ ከሰዓት ነበር። አዳራሹ በወላጆች ጢም ብሏል። ኦትማር ውጭ፣ በረዶው ላይ፣ ደህናውን ጆሮውን መድረኩ አጠገብ ያለው መስኮት ላይ ለጥፎ ቆሟል። የመጨረሻው ንግግር ላይ ስደርስ ያው ጠፋኝ። አንድ ቃል ቢወረውርልኝ ይበቃኝ ነበር፤ በመስታወቱ የሚታየኝ ባርኔጣው ግን ንቅንቅ አላለም። ለአፍታ ጠላሁት። ሰው ማጉረምረም ሲጀምር ያቺ ባልቴት ብሆን የምለውን ከራሴ አምጥቼ ተናገርኩ። ወላጆች አጨበጨቡ፤ ከደራሲው በቀር ማንም ልዩነቱን አላወቀም።

ሮጬ ወጣሁ። ከንፈሩ ጠቁሯል።

«እንዴት ዝም ትለኛለህ?»

«አፌን ከፍቼ ነበር» አለና እጁን ዘረጋልኝ። የሱፍ ጓንቱ አውራ ጣቱ ላይ በጥርስ ተበጣጥሷል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሞት፣ እኅቱ ከዕቃው ምን ልስጥሽ አለችኝ። መጻሕፍቱን እንድመርጥ ነበር የጠበቀችው። እኔ ጓንቱን አልኳት።