ሸክም ላለበት የተራራው ወገን

በቀደም ዕለት ከመናፈሻው በር ላይ ከዘበኛው ጋር ስጨቃጨቅ፣ ሠራተኞች ከመንገዱ ዳር የጥድ ቅርንጫፍ እየመለመሉ ነበርና፣ የእርጥብ ጥድ ሽታ ድንገት አፍንጫዬን መታኝ፤ የምለው ጠፍቶኝ ቀጥ አልኩ። ያ ሽታ የልጅነቴ ሽታ ነው። የእማዬ ነጠላ፣ የአባቴ ጋቢ፣ የቤታችን ግድግዳ ሳይቀር እሱን እሱን ይል ነበር። ዘበኛው ዝም ማለቴን አይቶ የተስማማሁ መሰለው። የለም፣ አልተስማማሁም። ከአራተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም፣ ሰው ፊት ቆሞ መናገርም ያስፈራኛል፤ ግን በዚያ መንገድ ላይ በልጄ የደረሰውን ዝም ብዬ ባልፈው ነገ ደግሞ ምን እንደሚመጣ አላውቅምና፣ መንገዱ ድሮ እንዴት ያለ መንገድ እንደነበር ልናገር።

ያደግኩት ከአንኮበር ከተማ አለፍ ብሎ፣ ጫካው በሚጀምርበት ጥግ ነው። አባቴ፣ እማዬ፣ ታላቅ እህቴ በለጡና እኔ ነበርን። ከደጃችን የሚነሳው የእግር መንገድ የተራራውን ወገብ ይዞ፣ በጥዱና በኮሶው ሥር እየሾለከ፣ በአንድ በኩል ከተማውና ትምህርት ቤቱ ድረስ ይዘልቃል፤ በሌላ በኩል ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይወርዳል። በአንዱ ወገን ተራራው እንደ ግድግዳ ቆሟል፣ በሌላው ወገን ገደል ነው፤ ጉሬዛዎች ከገደሉ አፋፍ ካሉት ዛፎች ላይ ቁጭ ብለው አላፊ አግዳሚውን ቁልቁል ያዩ ነበር።

መንገዱ ጠባብ ስለነበር ሕግ ነበረው። ሸክም ያለበት ሰው በተራራው ወገን ይጠጋል፣ ባዶ እጁን የሆነ ደግሞ በገደሉ ወገን ቆሞ ያሳልፈዋል፤ ቄስም ይሁን ሹም፣ ባለጸጋም ይሁን ድሃ፣ ልዩነት የለም። ጀርባው የከበደ ሰው አንዴ ወደ ገደሉ ካዘነበለ አይመለስማ። ይህንን ማንም ጽፎ አልሰቀለውም። እኛ ልጆች ገና መቁጠር ሳንማር ተምረነው፣ በእንቅልፍ ልባችን እንኳ ቢቀሰቅሱን የምንለው ነበር።

ክረምት ሲገባ ጉሙ ከቆላው ተነስቶ ሽቅብ ይመጣና ጫካውን ይውጠው ነበር። ፊት ለፊት የሚመጣ ሰው አይታይምና፣ መታጠፊያው ጋ ሲደረስ «መንገድ!» ተብሎ ይጮኻል፤ ከወዲያ ያለው ደግሞ «ባዶ ነኝ!» ወይም «ሸክም አለብኝ!» ብሎ ይመልሳል፤ በዚያው ማን በየት እንደሚቆም ይታወቃል። በለጡ እህቴ ነገረኛ ነበረች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ የደብራችን ቄስ ከወዲያ «መንገድ!» ሲሉ፣ እሷ ባዶ እጇን ሆና «ሸክም አለብኝ!» ብላ ጮኸች፤ አባም ጃንጥላቸውን አጥፈው፣ በገደሉ ወገን ጥግ ይዘው ጠበቁን።

«ሸክምሽ የታል፣ አንቺ?» አሉ ስታልፍ።

«ሆዴ ነዋ አባ! ጠግቤ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው እኔ ጾመኛው ገደል ጥግ መቆሜ ተገቢ ነው» ብለው ሳቁ፤ ማታ ግን ለእማዬ ነግረዋት ኖሮ፣ በለጡ ጭኗን ተቆንጥጣ ስታለቅስ፣ «በሸክም አይቀለድም!» የሚለው የእማዬ ቁጣ ለእኔም ጭምር ተረፈኝ።

ዝናቡ አባርቶ መስከረም ሲጠባ፣ ጎርፍ የበላውን መንገድ የመጠገን ጊዜ ይመጣ ነበር። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ድርሻ ነበረው፤ የእኛ ከትልቁ ወይራ እስከ ምንጩ ድረስ ነው። አባቴ ጠፍጣፋ ድንጋይ እየመረጠ፣ እያዟዟረ፣ በእግሩ እየረገጠ ይተክላል፤ እማዬ አፈር በቅርጫት ታቀርባለች፣ እኔና በለጡ ጠጠር እየለቀምን በድንጋዮቹ መሐል እንሰገስጋለን። ከአልዩ አምባ ሽቅብ የሚመላለሱት እስላም ነጋዴዎች አገራቸው ቆላ ቢሆንም ድርሻቸውን አይተዉም ነበር፤ እንዲያውም «በቅሎዎቻችን ናቸው ያፈረሱት» እያሉ ከሁሉ የባሰውን ቦታ ራሳቸው ይይዙታል። አባቴ የነጋዴዎቹን ድንጋይ እያየ «ይሄማ ሰው የሚያንከባልል ነው» ብሎ ይተቻል፤ እነሱ ደግሞ «ያንተስ ቢሆን እንደ አንተ ጥርስ የተንጋደደ አይደለም?» ብለው ይመልሱለታል። አባቴ የራሱ ሳቅ አፉን ሲያስከፍተው፣ የተባለው እውነት መሆኑ ይታይ ነበር።

ከነጋዴዎቹ ሁሉ ጋሽ ሰይድን እወደው ነበር። በጋ ላይ መንገዱ ሲደርቅ በርበሬና ጥጥ ጭኖ ሲወጣ፣ ገና ሳይታይ የበርበሬው ሽታ ያስነጥሰን ነበርና፣ እኛ ስናስነጥስ ከመታጠፊያው ወዲያ ሆኖ «ይማራችሁ!» ይላል። ደጃችን ሲደርስ ውሃ ጠጥቶ፣ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ አፉን ጠርጎ፣ አባቴን ነገር ይጀምረዋል።

«ይችን ትንሿን በአንድ ጆንያ በርበሬ ለውጠኝ።»

«ኧረ ተው ሰይዶ! ይቺ ራሷ በርበሬ ናት፤ አንተም በሁለት በኩል ተቃጥለህ ልትቀር ነው።»

ጋሽ ሰይድ ሰው መሆኑን የበለጠ ያወቅኩት ግን በበልግ ወራት ነው። እማዬ ታናሽ ወንድሜን አርግዛ ወሯ ገፍቶ ነበር። የበልግ ዘር ከዘመድ ቤት ተበድረን፣ እሷ ገብሱን በጀርባዋ አዝላ፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ ከኋላዋ፣ ከእኔ ኋላ ደግሞ ጋሽ ሰይድና ጓደኞቹ በቅሎዎቻቸውን እየነዱ በዝናብ የራሰውን መንገድ ቀስ እያልን እንሄድ ነበር። ከጠባቡ ቦታ ስንደርስ አንድ ሰው በቅሎ ላይ ተቀምጦ ከፊታችን መጣ። ከሌላ አገር ተሹሞ ከመጣ ገና ጥቂት ቀኑ ነው። «መንገድ!» አላለም። እማዬ እንደ ደንቡ ወደ ተራራው ተጠግታ ቆመች።

«ዘወር በዪ! በዚያ በኩል እለፊ» አላት፣ ገደሉን በአለንጋው እያሳየ።

«ጌታዬ፣ ሸክም አለብኝ። ሆዴም እንደሚያዩት ነው።»

«በቅሎዬ ገደል ትፈራለች አልኩሽ!»

በቅሎዋን ገፋ አደረጋት። እማዬ ወደ ኋላ ስትል እኔን ነካችኝ፤ ከእግሬ ሥር ጠጠር ተንከባለለ፣ ተንከባለለና ድምፁ ጠፋ። እስከ ዛሬ ያ ጠጠር መሬት ሲነካ አልሰማሁም። እማዬ «በሕግ አምላክ!» ብላ ስትጮኽ ነው ጋሽ ሰይድ በቅሎዎቹን ለጓደኛው ትቶ፣ እኔን አንስቶ ከተራራው ጋር አጣብቆኝ፣ ወደ ፊት ያለፈው። አልጮኸም። የበቅሎዋን ልጓም ያዘና፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ለስለስ ብሎ፣

«ጌታው፣ በቅሎዋ ገደል ከፈራች እርስዎ ይውረዱላት። እርስዎም ከፈሩ እጅዎን እኔ ልያዝ» አለው።

ከኋላ ያሉት ነጋዴዎች ሳቃቸውን ለቀቁት። ሰውየው ዙሪያውን አየ፤ ወረደ። እሱ በገደሉ ወገን የጥድ ሥር በአንድ እጁ ጨብጦ እንደቆመ፣ እማዬ አለፈች፣ እኔ አለፍኩ፣ ነጋዴዎቹና በቅሎዎቻቸው አለፉ። እያንዳንዳችንም ስናልፍ እንደ ወጉ «እግዜር ይስጥልን» እያልን አመሰገንነው። ከስድብ ይልቅ ያ ምስጋና ሳያቃጥለው አልቀረም። ከዚያ ወዲያ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያ ሹም መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ከማንም ቀድሞ «ባዶ ነኝ!» ብሎ የሚጮኽ እሱ ሆነ።

አሁን ወደ ዘንድሮ ልምጣ። ጫካው መናፈሻ ሊሆን ነው፣ መንገዱም ሊነጠፍ ነው ሲሉን ከማንም በላይ የተደሰትኩ እኔ ነበርኩ። አልዋሽም፣ ያምራል። ጭቃ የለም፤ ሰፋ ተደርጎ፣ ተስተካክሎ ተነጥፏል፤ በገደሉ ወገን ብረት ታጥሯል። እናቴ ይህን ብታይ ዕልል ትል ነበር ብዬ አስቤ ነበር። ኋላ መስመር ቀቡበት። የተራራው ወገን ለብስክሌት፣ የገደሉ ወገን ለሽርሽረኛ። ለባለሸክምስ? ለባለሸክም በሩ ላይ ሰሌዳ ተተክሎለታል፤ አህያ ተስላ በቀይ መስመር ተሰርዛለች፣ ከአህያዋ ጎን ጀርባው ላይ ሸክም ያዘለ ሰው ተስሎ እሱም ተሰርዟል። ከአህያ እኩል! አንድ ቀን እንኳ መጥቶ «እናንተ በዚህ መንገድ ምን ታደርጉበታላችሁ?» ብሎ የጠየቀን የለም።

ልጄ ሰላማዊት ስምንተኛ ክፍል ናት። ጠዋት ጠዋት የላማችንን ወተት በጀሪካን አዝላ፣ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ላለው ሻይ ቤት አድርሳ ነው ወደ ክፍሏ የምትገባው። ሌላው መንገድ አስፋልቱ ነው፤ አስፋልቱ ላይ አይሱዙ መኪና ቁልቁለቱን እንደ ናዳ ይወርዳል፣ እግረኛ የሚቆምበት ዳር የለውም። ስለዚህ በጫካው እልካት ነበር። በዚያ ቀን ከኋላዋ የብስክሌት ደወል ሰማች። ምን ታድርግ? እኔ እንዳስተማርኳት፣ እኔም እናቴ እንዳስተማረችኝ፣ ሸክም ስላለባት ወደ ተራራው ተጠጋችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ቆመች። እዚያ ነው ብስክሌቱ የመታት። ጀሪካኑ ፈነዳ፣ ትከሻዋና ጉልበቷ ተላጠ። ወድቃ ከተነሳች በኋላ «ተጎዳህ እንዴ?» ብላ የጠየቀችው እሷ ናት። ብስክሌተኛው ልጅ ጎማውን እያገላበጠ «መስመር አታዪም?» አላት።

ይህን እንደሰማሁ እየሮጥኩ ወደ መናፈሻው በር ሄድኩ። ዘበኛው ደምሴ የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ በዚያው መንገድ ያደገ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ጥፋቱ የእሷ ነው እኮ። የብስክሌት መስመር ውስጥ ገብታ ቆመች» አለኝ።

«አንተ፣ እናትህ ምን ብላ ነው ያሳደገችህ? ሸክም ያለበት ወዴት ነው የሚጠጋ?»

አቀረቀረ። «ወደ ተራራው» አለ ቀስ ብሎ።

«እህስ?»

«እሱ ድሮ ነው፣ እትዬ። አሁን ሸክም ይዞ መግባቱም ክልክል ነው። እስካሁን አይቼ እንዳላየሁ ሆኜ እንጂ። አለቆቼ እኔንም ተቆጥተውኛል፣ ከእንግዲህ አላሳልፋትም። በአስፋልቱ ትሂድ።»

«በአስፋልቱ? እህትህ ብትሆን በአስፋልቱ ትልካት ነበር?»

«እኔ የታዘዝኩትን ነው…» አለ፤ የጥዱ ሽታ አፍንጫዬን የመታኝ ያኔ ነው።

እስቲ ንገሩኝ፣ ለመናፈስ የመጣ ሰው ባዶ እጁን ነው፣ ጊዜም አለው፤ ቆም ብሎ ቢያሳልፍ ምን ይጎድልበታል? ብስክሌቱ ይምጣ፣ ማን ጠላው? ንጣፉ የተነጠፈው እኮ አባቴ በተከለው ድንጋይ ላይ ነው፣ እነጋሽ ሰይድ ባነጠፉት ላይ ነው። በድንጋያችን ላይ የሚሄድ ሰው ልጄን ከመንገዱ ስላልወጣች አጥፊ አደረጋት፤ ድሮ በቅሎ ላይ የነበረው ሹም እንኳ አፍሮ ወርዶ ነበር፣ ዛሬ የሚያፍር አጣሁ። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የሚያስፈራኝ ደግሞ፣ ያን ዕለት ማታ ጉልበቷን በጨው ውሃ ሳጥብላት የጠየቀችኝ ነው።

«እማ፣ ነገ በየት ልሂድ?»

ልጅ ሆኜ ይህን ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። የሚጠየቅ አልነበረም፤ መንገዱ አንድ ነበር። እማዬ ሸክም ይዛ ከፊት፣ እኔ ባዶ እጄን ከኋላ፣ ትንፋሿን እየሰማሁ እሄድ ነበር፤ ስትደክም ትቆማለች፣ ስትቆም እቆማለሁ።

አሁን ወተቱን የማደርሰው እኔ ነኝ። ጠዋት ከመናፈሻው በር ስንደርስ እንለያያለን፤ እሷ ባዶ እጇን በተነጠፈው መንገድ ትገባለች፣ እኔ ጀሪካኑን አዝዬ ወደ አስፋልቱ እወጣለሁ። አይሱዙው ሲመጣ ከቦዩ ውስጥ ወርጄ አልፎኝ እስኪሄድ እቆማለሁ፣ ልቤ ግን ከጫካው ውስጥ ነው። እሷ ከእኔ ቀድማ ትደርሳለች። ደወል ተደውሎ ልጆቹ ሁሉ ገብተው፣ እሷ ብቻ ከትምህርት ቤቱ በር ቆማ አስፋልቱን ሽቅብ ታያለች፤ ከመታጠፊያው ብቅ ስል ካየችኝ በኋላ ነው ሮጣ የምትገባው። በማርፈዷ እንደሚቆጧት አውቃለሁ። «አትጠብቂኝ፣ ግቢ» እላታለሁ፤ እሺ ትለኛለች፣ በማግስቱም እዚያው ቆማ አገኛታለሁ።