የተገለበጠችው ቅርፊት

ዊትስከ ሃርምስማ ዕድሜዋን የፈጀችው በዓይን የማይታይ ነገር ስታይ ነው። ዳይኖፍላጀሌት የሚባሉ ደቃቅ የባሕር ነፍሳት አሉ፤ ክፉ ቀን ሲመጣባቸው ቅርፊት ሠርተው ይሸሸጋሉ፣ ቀን ሲወጣላቸው በስተውት ይሄዳሉ። ባዶው ቅርፊት የባሕር ወለል ላይ ይቀርና ስንትና ስንት ሚሊዮን ዓመት ጭቃ ውስጥ ይተኛል። እሷ ኡትሬክት ከተማ ተቀምጣ ያንን ጭቃ በአሲድ ታሟሟለች፣ የተረፈውን መስታወት ላይ አድርጋ በማይክሮስኮፕ ታያለች፣ ይኸኛው የማን ዘመድ ነው እያለች ትለያለች። "ምን ይረባል?" የሚላት ሰው አይጠፋም። እሱ ራሱ ምን እንደሚረባ ትጠይቀዋለች፤ ምላሷ አይጣል ነው።

ያቺ ምላስ ከኼርሎፍ ጋር አቆራርጣታለች። ኼርሎፍ የሙያ ባልደረባዋ ነው፤ ክፍሉም ከክፍሏ ጎን ነው። በወጣትነቱ አንድ አዲስ የቅርፊት ወገን አገኘሁ ብሎ ስም አወጣ፣ ደስታውን አልቻለውም ነበር። ዊትስከ ስህተቱን አየች። ለእሱ ግን ትንፍሽ ሳትል በመጽሔት ላይ "ይህ ወገን አዲስ አይደለም፤ ቀድሞ ስም ወጥቶለታል" ብላ በአንድ መስመር ቀበረችበት። የሙያው ወግ ነው፤ የሰው ስህተት ያገኘ በጽሑፍ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆነ።

አሁን ዊትስከ ጡረታዋ ደርሷል። ዝርያ ብዙ ሰይማለች፤ ዝርያዎችን የሚሰበስብ ወገን ግን አንድም አላወጣችም፣ ይህም ያንገበግባታል። በስተርጅና ዕድል ቀናት መሰለኝ፣ አንዲት ቅርፊት አገኘች። ዘመዶቿ ሁሉ መውጫ ቀዳዳቸው ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ የዚህችኛዋ ወደ ግራ ነው። ይኼማ ራሱን የቻለ ወገን ነው! ሙሉ ሆና የተገኘችው እሷ ብቻ ነበረች፣ ሌሎቹ ስብርባሪ ናቸው። ዊትስከ ሥዕሏን ሠርታ ሰው ሁሉ እንዲያይላት ምሳ በሚበላበት ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

በማግሥቱ ኼርሎፍ አይብ ያለበት ዳቦውን እንደያዘ በሯን አንኳኳ።

"ያቺን ቅርፊትሽን አየኋት።"

"ቀናህ እንዴ?"

"ተገልብጣብሻለች። ብርሃን ታሳልፋለች እኮ፤ ጀርባዋን የሳልሽው በሆዷ በኩል አሻግረሽ እያየሽ ነው። ግራ ያልሽው ቀኝ ነው።"

"ለጀማሪ የሚነገረውን ነው ለእኔ የምትነግረኝ?"

"ጀማሪማ ይጠነቀቃል። የምንሳሳተው እኛ ነን።"

በሩን ዘጋችበት። ግን ምሳዋን ትታ ወደ ማይክሮስኮፑ ዞረች። ተመልሳ አየች፤ ቅርፊቷ ተጨማዳለች፣ የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ አይለይም። የሚለየው ቅርፊቷን ራሷን በመገልበጥ ብቻ ነው። የተጣበቀችበትን ሙጫ ሞቅ አድርጎ፣ በስንጥር ጫፍ በተጣበቀ የሽፋሽፍት ፀጉር ማዞር። ካመለጠች ደግሞ አለቀ፤ ወገን ቀርቶ ዝርያ ነው ብሎ ለመሰየም እንኳ ማስረጃ የለም። ስንጥሩን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ሄዳ የኼርሎፍን በር አንኳኳች።

"ና እስቲ፣ እጄ እምቢ አለኝ።"

ቅቤ የነካውን ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ መጣ።

"እንዳትተነፍስ!"

"አንቺም እንዳትናገሪ፣ ከቻልሽ።"

የሽፋሽፍቱን ፀጉር አስጠጋ። ቅርፊቷ ተንሸራተተች፤ ከዚያ ዞር ብላ ተኛች። ዊትስከ በማይክሮስኮፑ አየች። ቀዳዳው ወደ ቀኝ ነው፣ እንደ ዘመዶቿ ሁሉ። አዲስ ወገን የሚባል ነገር የለም። ያቺ ምላሰኛ ሴት ቁጭ ብላ አለቀሰች።

"ዝም ብትል ኖሮ ይታተም ነበር" አለች በኋላ። "ከዚያ አንተ በአንድ መስመር ትቀብረኝ ነበር። ተራህ ነበር እኮ።"

"መስመሯንማ ጽፌያት ነበር፤ ግሩም ሆና ነበር። ግን ጠዋት ጠዋት ኮሪደር ላይ ፊትሽን አያለሁ አይደል?"

"ያኔ እኔም በርህን ማንኳኳት ነበረብኝ፣ ኼርሎፍ። ይቅር በለኝ።"

"ነበረብሽ። ደግሞ ልክ ነበርሽ፤ ያቃጠለኝ እሱ ነው!"

እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ስንት ዓመት ግድግዳ ተጋርተው ኖረው አብረው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር።

ቅርፊቷ በሌላ በሌላው ከዘመዶቿ ስለምትለይ በቆየው ወገን ሥር እንደ አንድ አዲስ ዝርያ ተመዝግባ ለመታተም ተላከች። በጽሑፍ መጨረሻ ጭቃ ያጠበውንም ሥዕል የሠራውንም ማመስገን ልማድ ነው። ዊትስከ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ኼርሎፍን ከልቤ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አዲስ ወገን የሌለው በእሱ ምክንያት ነው።"

የመጽሔቱ አዘጋጅ ደወለላት። "ምስጋናው ላይ ስህተት ያለ ይመስለኛል። ሰው ላልተገኘ ነገር ያመሰግናል እንዴ? መስመሯን ላውጣት?"

"ከፈለግህ ሌላውን ሁሉ ቁረጠው" አለችው ዊትስከ። "እሷን ግን እንዳትነካብኝ።"