ወንዶቹ ከክፍሉ የወጡ ዕለት

ለተብርሃን ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከሽሬ ተነስታ በሱዳን አድርጋ እስራኤል ከገባች አራት ዓመት ሆኗታል፤ ሁለቱን ዓመት ሰጉላ ሰፈር ካለ ፋብሪካ ብስኩት ስታሽግ ነው የገፋችው። ትግርኛ አላት፣ አማርኛ አላት፣ ዕብራይስጥ አላት፤ የሌላት ዲፕሎማ ብቻ ነው። ይህንንም የሚያስታውሷት ሰዎች አልጠፉም።

ፔታህ ቲክቫ ውስጥ ያለ የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ የቀጠራት ለዮኼቬድ ረዳት እንድትሆን ነበር። ዮኼቬድ ኦቬዴት ሶሲያሊት ናት፣ ማኅበራዊ ሠራተኛ። ደግ ሴት ናት፤ ግን መቶ ቤተሰብ ጫንቃዋ ላይ ስለተጫነ ቁጭ ብላ ሻይ ስትጠጣ ያያት የለም። ለተብርሃን ሥራው ብርድ ልብስ ማደል ይመስላት ነበር። ዮኼቬድ በመጀመሪያው ቀን፣ "የሰው ምስጢር የባለቤቱ ነው፤ ሳይፈቅድልሽ ከአፍሽ አይወጣም። ለሰው ደግሞ አትወስኚለትም፤ ራሱ እንዲወስን ታግዥዋለሽ" አለቻት። "ይህማ የአገራችን ሽማግሌ ሥራ ነው" አለች ለተብርሃን በልቧ፤ ሥራውንም ያን ዕለት ወደደችው።

በፈረንጆቹ 1986 መጀመሪያ፣ የእስራኤል ክረምት ዝናብ በከፋበት ወር፣ የደጊቱ ፋይል መጣ። ደጊቱ ባሏን ሱዳን ቀብራ ከጎንደር የመጣች፣ ሻአሪያ በሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። አንዲት ጎረቤቷ ሦስት ጊዜ አመልክታባታለች፦ እናትየዋ በዚህ ብርድ በረንዳ ላይ ተጠቅልላ ትውላለች፣ እዚያው ታድራለች፤ አታበስልም፣ ልጆቿን አትነካም፤ የአሥር ዓመቷ ልጅ ለታናናሾቿ ዳቦ ትቆርሳለች። ቢሮው ጠርቶ ጠየቃት። አስተርጓሚው ጋሼ ቀለሙ ነበሩ፤ ስድሳን ያለፉ፣ የተከበሩ ሰው። ደጊቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ጎትታ መሬት መሬት እያየች አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ወጣች። "አእምሮዋ ሳይነካ አይቀርም" ተብሎ ተጻፈ። ማክሰኞ ኮሚቴ ተቀምጦ ልጆቹን ወደ ፕኒሚያ፣ ወደ አዳሪ ቤት፣ ሊልካቸው ነው።

ለተብርሃን ፋይሉን አንብባ ሳትጨርስ ነገሩ ገባት። እሑድ ብቻዋን ሻአሪያ ሄደች። ደጊቱ በረንዳው ላይ ናት። ለተብርሃን ደጃፉን አላለፈችም፤ ቆም ብላ፣

"ስንተኛ ቀንሽ ነው?" አለቻት።

ደጊቱ ቀና አለች። "አራተኛዬ።"

በአገር ቤት ቢሆን የቤተ እስራኤል ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ከመንደሩ ዳር ወዳለው የመርገም ጎጆ ትወጣለች። ሰባት ቀን እዚያ ትቆያለች፤ ሴቶቹ ምግቧን ያቀብሏታል፣ ልጆቿን ጎረቤት ያበላል፤ በሰባተኛው ቀን ወንዝ ወርዳ ታጥባ ጀምበር ስትጠልቅ ቤቷ ትገባለች። ሻአሪያ ውስጥ ግን ጎጆ ከየት ይምጣ? ያለው በረንዳ ነው።

"ስትጠየቂ ለምን አልተናገርሽም፣ እታለም?"

"ለማን? ለጋሼ ቀለሙ? በአባቴ እኩያ ፊት ስለ ደሜ ላወራ? ሞቴን እመርጣለሁ!"

"ልጆችሽን ሊወስዱብሽ ነው። እኔ ልናገርልሽ፣ ፍቀጂልኝ።"

ደጊቱ ብዙ አለቀሰች። በመጨረሻ እንባዋን ጠርጋ፣ "ለሴት ተናገሪ" አለች። "ወንድ ከሰማ ግን እግዜር ይፍረድብሽ።"

በማግስቱ ለተብርሃን ለዮኼቬድ ነገረቻት። ዮኼቬድ ራሷን ይዛ፣ "ይህን ልማድ ተዪው ብንላትስ?" አለች።

"ለሰው አትወስኚለትም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

ዮኼቬድ ፊቷ ቀላ። "በሰደር፣ እሺ፣ ልክ ነሽ። ግን እኔ ብቻዬን አልወስንም፤ ኮሚቴው መስማት አለበት።"

ማክሰኞ አምስት ሰው ተቀምጧል፦ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊው፣ ጋሼ ቀለሙ፣ አንዲት ነርስና ዮኼቬድ። ለተብርሃን ተነሳች።

"ከመናገሬ በፊት ወንዶቹ ይውጡልኝ።"

"ምን?" አለ ሰብሳቢው። "ይህ ኮሚቴ ነው እንጂ የሴቶች መታጠቢያ ቤት አይደለም!"

"ወንድ እንዳይሰማ ለእናትየዋ ቃል ሰጥቻለሁ። ካልወጣችሁ አልናገርም። ሳትሰሙኝ ከወሰናችሁ ደግሞ ሦስት ልጆችን ያለ ጥፋቷ ከእናታቸው ነጠቃችሁ።"

የፋብሪካ ሠራተኛ የነበረች ለአለቃ እንዲህ ስትናገር የሰማ አልነበረም። ቀድመው የገባቸው ጋሼ ቀለሙ ናቸው፤ አራት ሴት ልጆች አሳድገዋል። "ምን ዓይነት ዕውር ነኝ!" አሉ በአማርኛ፣ ግንባራቸውን መትተው። ከዚያ ብድግ ብለው የሰብሳቢውን ክርን ያዙና፣ "ያላ፣ ጌታዬ፣ እንውጣ" አሉት። ሰውየው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ኮሪደር ላይ ተገኘ፤ ጸሐፊውም ተከተላቸው።

ለተብርሃን ሁሉን ተናገረች። ነርሷ፣ "በምን እናምናለን?" አለች።

"ጎረቤትየዋ ያመለከተችባቸውን ቀኖች እዩዋቸው።"

ዮኼቬድ ሦስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። አንዱ ከሌላው በአራት ሳምንት ይርቃል፤ በመካከል ምንም የለም። በቀሩት ሳምንታት ልጆቹ ጠግበው፣ ታጥበው እንደሚመጡ ትምህርት ቤቱም ጽፏል። ነርሷ ወረቀቶቹን ሁለቴ አየችና፣ "እኛ ነን እንጂ የታመምነው" አለች።

ልጆቹ የትም አይሄዱም ተባለ። በረንዳው ይሸፈናል፣ ማሞቂያም ይገባለታል። በየወሩ በዚያ ሳምንት ልጆቹን ታች ፎቅ የምትኖረው የአገሯ ሴት ፋንትነሽ ታበላለች፤ የፋንትነሽ ተራ ሲደርስ ደጊቱ የእሷን። ሰብሳቢው ተመልሶ ገባ፤ "ምክንያት" በሚለው መስመር ላይ "በሴቶቹ አባላት የሚታወቅ" ብሎ ጻፈና ፈረመ። አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅ መፈረሙ አስከበረው። ዮኼቬድ ለተብርሃንን ኮሪደር ላይ አቅፋ፣ "ለዲፕሎማው የማታ ትምህርት ትመዘገቢያለሽ፤ እንቢ ማለት የለም" አለቻት። እውነትም በዚያው ዓመት ተመዘገበች።

ያን ዕለት ግን ከአውቶቡስ ወርዳ ሮጠች። ደጊቱ በረንዳው ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። ለተብርሃን ከታች ሆና፣ "ልጆችሽ ያንቺ ናቸው! ወንድ አልሰማም!" ብላ ጮኸች።

ደጊቱ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ እልልታዋን አቀለጠችው። ፋንትነሽ ከታች ተቀበለች፤ ከማዶው ሕንፃም ሁለት ሴቶች ደገሙ። ለተብርሃን መንገዱ መሐል ቆማ እያለቀሰች ትስቃለች። ያመለከተችው ጎረቤት መስኮቷን ከፍታ፣ "ሠርግ ነው እንዴ?" አለች በዕብራይስጥ።

"ከሠርግ ይበልጣል!" አለቻት ለተብርሃን።

ሴትየዋ ምንም ሳይገባት ማጨብጨብ ጀመረች።