የአባቴ እጅና የላንድሮቨሯ ሻንሲ

ዛሬ አባቴ ቀበና ካለው ጋራዥ ሳይወጡ ላንድሮቨራቸውን በግራ በኩል ካለው ግንብ ጋር ሊያላትሟት ነበር።

በደርግ ጊዜ ለዘመቻ ተወስዳ ሻንሲዋ፣ ከሥር የሚሸከማት ብረት፣ ተጣሞ ነው የተመለሰችላቸው። ወደ ቀኝ ስለምትስብ፣ እስካሁን መሪውን ወደ ግራ አድርገው ይዘው ነበር ከእንጦጦ የሚወርዱት።

እኔና መካኒኩ ሦስት ቀን ሙሉ ሻንሲውን አቃንተን በየድነው። ዛሬ በቱንቢና በክር ከጥግ እስከ ጥግ ስንለካው ልክ መጣ። የኔ ወገብ ግን ልክ አይደለም።

"አባዬ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙት" አልኳቸው።

"ቀጥ አድርጌ እኮ ነው የያዝኩት" አሉ። እጃቸው ግን ወደ ግራ እንዳጋደለ ነው።

መካኒኩ ክሩን እየጠቀለለ፣ "የእጃቸውን ነገር ተወው፤ እኔ የምበይደው ብረት ብቻ ነው" አለኝ።

እናንተስ ቤት ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ሳይቃና የቀረ ምን አለ?