ድንኳኑ ውስጥ ስድስት ድንጋይ

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከደሴ ተነሳሁ። የምሄደው መካነ ሰላም ነው፤ እዚያ የኮብልስቶን ድንጋይ እየጠረበ የሚኖረውን ታናሽ ወንድሜን ጀማልን ጆሮውን ይዤም ቢሆን የኤችአይቪ ምርመራ ላስደርገው። እጮኛው ፋጡማ ተመርምራለች። እሱ በደወልንለት ቁጥር "ነገ" ይላል። በመጨረሻ "ካልተመረመረ ኒካው ይቅር" አለች። እናቴ ስታለቅስ እኔ ቦርሳዬን አነሳሁ።

አቀስታ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሚኒባሱ እስኪሞላ በትኩስ ሻይ የገብስ ዳቦ በላሁ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ፤ ወንድሜን ልመክር ነው አልኳቸው።

"አላህ ያቅናልሽ ልጄ። ብቻ ስትደርሺ አትቆጪው።"

እሺ አልኩ፤ ግን በዚያ ኮረኮንች እየተንገጫገጭኩ ቁጣዬን ሳጠና ነው የሄድኩት። የገብሱን ማሳ እንኳ በቅጡ አላየሁትም።

መካነ ሰላም፣ ስምንት ሰዓት

ጀማልን አቧራ ለብሶ፣ መዶሻ ይዞ አገኘሁት። ከስቷል። ሲያቅፈኝ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። ከሥራ ቦታቸው ማዶ የጤና ባለሙያዎች የምርመራ ድንኳን ተክለዋል።

"ድንኳኑ እዚሁ እያለ ምን አስፈራህ?"

"ወላሂ እታለም፣ መርፌው አይደለም። ድንጋዩ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ድንኳኑ ሲገባ አብረውት የሚሠሩት ልጆች እስኪወጣ የሚጠርቡትን ድንጋይ ይቆጥራሉ። አንድ ድንጋይ ሳያልቅ የወጣ ነፃ ነው ይላሉ፤ ሦስት ድንጋይ የቆየ ቫይረሱ አለበት። ሙሄ የሚባል ጓደኛው ጥያቄ ስላበዛ አራት ድንጋይ ቆየ፤ ከዚያ ወዲህ በሱ ጣሳ ውሃ የሚጠጣ የለም።

"እኔም ጥያቄ አለኝ" አለ ጀማል አንገቱን ደፍቶ። "ብዙ።"

አንጀቴን በላው። ቀጥ ብዬ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ።

ለነርሷ የድንጋዩን ነገር ነገርኳት። "ለካ ለዚህ ነው ሳይጠይቁኝ የሚሮጡት!" አለች። ጣቴን ስትወጋኝ ትዝ አለኝ፤ እኔም ተመርምሬ አላውቅም። ውጤቱን ስጠብቅ እኔም ፈራሁ፤ በጀማል መናደዴ አሳፈረኝ። ያለኝን ጥያቄ ሁሉ ጠየቅኩ፣ የጣሳውንም ጭምር።

ስወጣ መዶሻው ሁሉ ቆመ።

"ስንት ድንጋይ ቆየሁ?" አልኩ ጮክ ብዬ።

"ስድስት" አለ አንድ ልጅ ከጥግ። ብቻውን ነበር የተቀመጠው፤ ሙሄ መሆኑን አወቅኩ።

"ወሬ ይዤ ነው። ውጤቴ የራሴ ነው። ግን በጣም ጠምቶኛል፤ ውሃ አለህ ወንድሜ?"

ጣሳውን አየት አደረገና ሰጠኝ። ጥርግ አድርጌ ጠጣሁ። "በጣሳ አይተላለፍም፤ ካላመናችሁ ግቡና ጠይቋት" አልኳቸው።

ጀማል መዶሻውን አስቀምጦ ወደ ድንኳኑ ሄደ። ስንት ድንጋይ እንደቆየ አላውቅም፤ እስኪወጣ ድረስ አንድም ልጅ አልጠረበም። ሲወጣ ፊቱን ላንብብ ብዬ ተውኩት። ስልኩን አውጥቶ ፈቀቅ አለ።

ደሴ፣ ቅዳሜ

ገና በሩን ሳልፍ እናቴ "ውጤቱስ?" አለችኝ። አልጠየቅኩትም አልኳት። ልቆጣ ሄጄ፣ የፈራን ሰው አብረውት ፈርተው እንደሚያደፋፍሩት ተምሬ መጣሁ። ይህን ሳስረዳት ፋጡማ ደወለች።

"ሐሙስ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን" አለችኝ። "ሁሉንም ነገረኝ። ኒካው አልቀረም፣ እታለም።"