ስለ ውሃ ነው የተጣላነው

የያዙኝ ሞጣ ገበያ ላይ ጌሾ ልሸጥ ተቀምጬ ነው። ሁለት ፖሊሶች ቆመው ልጅሽ የት ነው አሉኝ። አላውቅም አልኩ። ጌሾዬን እንኳ ልሰብስብ ብል አልተዉኝም። አጠገቤ ሽንኩርት ትሸጥ የነበረችው ሴት ቀና ብላ ሳታየኝ ጆንያዬን በእግሯ ወደ ራሷ ስባ ደበቀችልኝ። ያን እስካሁን አልረሳሁላትም።

በዚያ ዓመት መሬት ሊለኩ የመጡትን ሰዎች የሰበካችን ወንዶች አናስገባም ብለው መልሰዋቸው ነበር። ጦር ሲመጣ ወንዶቹ በረሃ ወረዱ። ጦሩም ወንዶቹን ሲያጣ ሴቶቹን ያዘ። ልጄ ከወረዱት አንዱ ነው። አባቱ ከሞተ ወዲህ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። የተደበቁበትን ዋሻ እኔ አውቀው ነበር። ከእስሩ ይልቅ ያስፈራኝ ያን ማወቄ ነው። ተኝቼ እንዳልናገረው ብዬ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ከትቼ እተኛ ነበር።

የሞጣው እስር ቤት ሞልቷል ተብሎ በእግር ነድተው ብቸና አስገቡኝ። ክፍሉ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር መሰል፣ የነቀዘ ስንዴና የአይጥ ሽታ ይሸታል። መስኮት የለውም። በሩ ቆርቆሮ ነው፤ ከሥሩ እጅ የሚያሾልክ ክፍተት አለው፣ ብርሃን የሚገባው በዚያ ነው። ዘበኛው በሩ ላይ ሲቆም ብርሃኑ ለሁለት ይከፈላል። እግሩ መሆኑን ያወቅሁት በማግሥቱ ነው።

ሦስት ሴቶች ቀድመውኝ ገብተዋል። አንደኛዋ የብቸና ጠላ ሻጭ ናት፤ ለአንድ መኮንን አልቀዳም ብላ የታሰረች፣ በሁሉም ነገር የምትቀልድ። ሁለተኛዋ የሰበካችን ልጅ ናት፤ ጡት የሚጠባ ሕፃን ታቅፋለች፣ ባሏ ከልጄ ጋር ዋሻ ውስጥ ነው። ሦስተኛዋን ሳያት ክው አልኩ። የጭቃ ሹማችን ሚስት ናት።

ባሏ ለካዮቹን እየመራ በየማሳችን ያዞረ ሰው ነው። ነገሩ ሲከር እሱም ፈራና ከመንግሥትም ከአገሩም ተሰወረ። መንግሥት ደግሞ ሸፍቷል ብሎ ሚስቱን አመጣት። እኛ ግን የምናያት እንደ ባሏ ነበር። እሷ ከጥግ፣ ጣራው ከሚያፈስበት ሥር ትቀመጣለች። እኛ ሦስታችን ከበሩ አጠገብ ነን። ለእኛ ከውጭ ስንቅ ይገባልናል፤ ድርቆሽ፣ በሶ፣ አንዳንዴ ዳቦ። ለእሷ የመጣላት ሰው የለም። ዘበኛው የሚሰጣትን አንድ እፍኝ ንፍሮ ትበላለች። እኛ ስንበላ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እኔም ይችማ ዛሬም ኮርታለች አልኩ በልቤ።

ጠቡ የተነሣው በገባሁ በአራተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ ነው። በቀን የሚሰጠን አንድ እንስራ ውሃ ነው። ልጅቱ የሕፃኑን ጨርቅ ልታጥብ ከእንስራው ስትቀዳ፣ የጭቃ ሹሙ ሚስት ከጥጓ ሆና የሚጠጣ ውሃ ነው እኮ፣ ለማታ አይተርፈንም አለች። ክፉ ቃል አልነበረውም። ልጅቱ ግን ሌሊቱን ሕፃኑ ሲያለቅስባት አድሯል። እስከዚያ ቀን እመይቴ፣ እርስዎ ስትላት ቆይታ፣ ያን ጊዜ አንቺ አለቻት።

«ውሃውም የባልሽ ርስት ሆነ? እንግዲያው እሱንም ለክተሽ ስጭን።»

ጠላ ሻጯ ሳቀች። ሳቁ ነው ነገሩን ያባሰው። የጭቃ ሹሙ ሚስት ብድግ አለች። ባሌን አታንሺ አለች። ልጅቱም ባልሽ ነው እዚህ ያስገባን አለቻት። ስለ ድንበር፣ ስለ ሰርግ፣ ስንት ዓመት ያለፈው ሁሉ ወጣ። ድምፃቸው ቆርቆሮውን ያናውጠው ነበር። ከበሩ ሥር ብርሃኑ ለሁለት ሲከፈል አየሁ። ዘበኛው መጥቶ ቆሟል።

«የኔ ባል በጠራራ ፀሐይ ነው የሄደው» አለች የጭቃ ሹሙ ሚስት። «ያንቺ ነው ጉድጓድ የገባው። በሶ ተሸክመሽ የምትወርጂበትን አላየሁም መሰለሽ? አፌን ብከፍት...»

«በሕግ አምላክ» አልኩ።

ማን እንዳናገረኝ አላውቅም። ቃሉ ግን ያው ቃሉ ነው፤ በአገራችን በሕግ አምላክ ከተባለ የተነሣ ዱላ እንኳ ካለበት ይቆማል። ሁለቱም ጸጥ አሉ። ከበሩ ሥር ያለው እግርም አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ በኋላ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ዝም ብል እንደገና ይጀምራሉ። ትዝ ያለኝ አባቴ ነው። እሱ ሹም አልነበረም፣ ገበሬ ነው። መንገድ ሲሄድ ግን የተጣሉ ሰዎች ያቆሙትና ዳኘን ይሉታል። እሱም ዛፍ ሥር ቁጭ ይልና የሁለቱን ኩታ ጫፍ ለጫፍ ያቋጥረዋል። አንዱ ሲናገር አንዱ ዝም፤ እስኪፈረድ ማንም ጥሎ አይሄድም። ልጅ ሆኜ ምሳ ሳደርስለት አይ ነበር።

ወደ ጥጉ ሄድኩና የጭቃ ሹሙን ሚስት በእጇ ይዤ አመጣኋት። ልጅቱን አጠገቧ አስቀመጥኳት። የነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ጥብቅ አድርጌ ቋጠርኩት። እኔም ፊት ለፊታቸው ቁጭ አልኩ።

«ዳኛችን ካባ እንኳ የላት» አለች ጠላ ሻጯ።

«አንቺ ሕፃኑን ያዢ» አልኳት። ያዘች።

ነጠላው ስለተቋጠረ ጉልበታቸው ተነካክቷል። ሰው እንዲያ ተጠጋግቶ መጮህ አይችልም፤ ያን ያደረግሁት ሆን ብዬ አልነበረም፣ ሲሆን ግን አየሁት። ዳኛ ፊት ድምፅ አይነሣም አልኳቸው። አስቀድማ የተሰደበችው ትናገር፣ ልጅቱ እስክትጨርስ ትስማ አልኩ። እግሩ አሁንም በሩ ሥር ነው። በልቤ ዋሻውን ብቻ አታንሺ፣ የፈለግሽውን በይ እላለሁ።

የጭቃ ሹሙ ሚስት ስለ ውሃው ትናገራለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ቋጠሮውን እያየች ቀስ ብላ ተናገረች።

«ስድስት ቀኔ ነው እዚህ። አንድ ቀን፣ አንዳችሁ፣ እንብላ አላላችሁኝም።»



እንግዲህ እኛ አገር እንጀራ ይዞ መንገደኛ አጠገብ የተቀመጠ ሰው፣ ባያውቀውም፣ ጠላቱ ቢሆንም፣ እንብላ ይላል። የሚበላው ባይበቃም ቃሉ አይቀርም። እኛ በአንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን፣ እጃችንን ታጥበን፣ ለሦስት ስንበላ ነው የሰነበትነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው የምታዞረው ስለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔው ዳኛ፣ እኔው ተከሳሽ ሆንኩ። ፊቴን የት ላድርገው።

ለልጅቱ ተራሽ ነው አልኳት። እሷ ሳትጀምር፣ ሕፃኑ ሌሊት ሲያለቅስ ማን ዝም ያሰኝልሽ ነበር ብላ ጠላ ሻጯ ጠየቀቻት፣ ልጅቱም አላወቀችም ነበር። የጭቃ ሹሙ ሚስት ከጥጓ ሆና፣ ቀስ ብላ እሹሩሩ ስትልለት ነበር፤ ጠላ ሻጯ ሰምታታለች። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። እኔም ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በዕድሜ እበልጥሻለሁ፣ ቀድሜ እንብላ ማለት ነበረብኝ አልኩ። ፍርዴ ያ ነው። ሌላ ፍርድ አላውቅም።

ልጅቱ የስንቋን ከረጢት በአንድ እጇ ሳበች፤ ሌላው እጇ የነጠላው ቋጠሮ ይጎትተው ነበር። ድርቆሹን አውጥታ መሐል አስቀመጠችው።

«እመይቴ፣ እንብላ» አለች።

«ብሉ፣ እኔ ጠግቤያለሁ» አለች፣ እንደ ወጉ።

«በሞቴ» አለች ልጅቱ።

ያን ጊዜ በላች። ስትጎርስ እንዳላያት ወደ በሩ ዞርኩ። ብርሃኑ አንድ ሆኗል፤ ዘበኛው ሄዷል። ልቤ ትንሽ ረጋ።

ለምን እንደሄደ ግን ወዲያው ታወቀ። ሁለት ሆነው ተመለሱና በሩን ከፈቱ። ያቺ አፌን ብከፍት ያለችው ማናት አሉ። እኔ ነኝ አለች። ተነሽ፣ አለቃው ይፈልግሻል አሏት። ልትነሣ ስትል ነጠላው ልጅቱን አብሮ ጎተታት። ዘበኛው ቢላዋ ሊያወጣ ወደ ወገቡ እጁን ሰደደ።

«ይታገሡን ጌታዬ» አለችው የጭቃ ሹሙ ሚስት። «ዳኛ የቋጠረውን ዳኛ ነው የሚፈታው።»

ለምን እንደታገሠ እንጃ። የአገሩ ሰው አልነበረም፣ አነጋገሩም የሌላ አገር ነው። ቆመ ብቻ። እኔ ቋጠሮውን ልፈታ ጣቴ እምቢ አለኝ። ስታገል ስታገል በጥርሴ ፈታሁት። ስፈታ ጉንጬ ጉልበቷን ነክቷል። ቀና ብዬ ልጄን አደራ አልኩ፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ በከንፈሬ። አይታኛለች፣ አላየችኝም፣ አላውቅም። ነጠላዋን አስተካክላ ለብሳ ወጣች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መለሷት። ነጠላዋን በቀኝ ጉንጯ ላይ ሳብ አድርጋ ይዛዋለች፤ አልገለጥናትም። ወደ ጥጉ ልትሄድ ስትል ልጅቱ ወደ በሩ ስፍራ ለቀቀችላትና በጣሳ ውሃ ሰጠቻት። የቀረው ውሃ ያ ነበር። የሕፃኑ ጨርቅ ሳይታጠብ እንደተቋጠረ ነው። ግማሹን ጠጥታ ግማሹን መለሰች።

ምን ጠየቁሽ አልናት።

«ልትናገሪ የነበረው ምንድን ነው አሉኝ። ስለ ውሃ ነው የተጣላነው አልኳቸው። ደጋግመው ጠየቁኝ። ስለ ውሃ ነው አልኳቸው።»

በሌላ ጊዜ፣ እኔ ከተፈታሁ በኋላ፣ ባሏን ይቅር ያላለው ሰው ሁሉ ሰላምታ ሲነሳት አይቻለሁ። እኔ ቤቷ ድረስ እየሄድኩ፣ ነይ እንብላ ብዬ እጠራት ነበር። ስለዚያ ቀን ግን ተነጋግረን አናውቅም።

ልጄ በምሕረት ገባ። አሁን የልጆች አባት ነው። እኔ ፊደል ከቆጠርኩ ብዙ አልሆነኝም፣ ይህን የጻፍኩት እየተንቀራፈፍኩ ነው። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ሰው በር ላይ ቆሞ ብርሃን ሲከልል ሳላውቀው የነጠላዬን ጫፍ ወደ አፌ እወስዳለሁ። ልጄና ሚስቱ ሲነታረኩ ድምፃቸው ከፍ ካለ መሐላቸው ገብቼ ቁጭ እላለሁ። እናቴ፣ አንቺ አትግቢ ይሉኛል። የጠቡን ነገር አልጠይቃቸውም። ምሳ አብራችሁ በላችሁ ወይ ነው የምላቸው። አልበላንም ካሉ፣ መሶቡን መሐላቸው አስቀምጬ፣ እንብላ እስኪባባሉ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ።